የአሸንዳው ጠብታ፦ ከአንድ የሚኒያፖሊስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የበረዶ ማስታወሻ

ኅዳር 10

በረዶው ገና አልጣለም። ማስታወሻው ግን ከዛሬ ይጀምር።

አምና አንዲት እናታችን ኪዳን አድርሰው ሲወጡ ደጃፉ ላይ ተንሸራተው ወደቁ። የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ዐቢይ ጾምን እጃቸው በጀሶ ታስሮ ነው የጾሙት። ባለፈው እሑድ በስብሰባ ላይ «ዘንድሮ የደጁን በረዶ ማን ይረከበን?» ሲባል ሁሉም አንገቱን ደፋ። እኔ ራሴን ለማከክ እጄን ሳነሳ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ተባልኩ። አለቀ።

ስለ ቦታው ልንገራችሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ያለው ሚኒያፖሊስ ነው። ሕንፃው ከፈረንጆች የተገዛ አሮጌ ቸርች ነው። ፊቱ ወደ ሰሜን ስለሆነ ከኅዳር እስከ የካቲት ደጃፉ ፀሐይ አያይም። ከመንገዱ ማዶ ያለው የእግረኛ መንገድ ደረቅ ሆኖ ሳለ የእኛ የሚያዳልጠው ለዚህ ነው። ስድስት ዓመት ስመላለስበት ልብ ብዬው አላውቅም።

ከፊት ለፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ ቆጠርኩ። 31 የኮንክሪት ንጣፍ ነው። በዚያ ላይ 6 ደረጃና አንድ የዊልቸር መውጫ አለ። ከጀርባ ያለውን ፓርኪንግ በክፍያ የሚጠርግ ድርጅት ይዘናል። የቀረው የእኔ ነው። ንጣፎቹን ከምሥራቅ ጀምሬ ቁጥር ሰጠኋቸው። እማማ የወደቁት 12ኛው ላይ ነው።

ምድር ቤት ወረድኩ። ያለን ሁለት አካፋ ነው፣ የአንዱ እጀታ ተሰንጥቋል። አንድ መጥረጊያ አለ። ከአምና የተረፈ ሦስት ከረጢት ጨውም አለ። እርጥበት ጠጥቶ አለት ሆኗል። በመዶሻ ነው የሚፈለጠው።

የከተማውን ደንብም አየሁ። ለአንድ ወይም ለሁለት ቤተሰብ መኖሪያ ቤት በረዶው መጣል ካቆመ በኋላ 24 ሰዓት ይሰጣል። ለሌላው ሁሉ ግን 4 የቀን ሰዓት ብቻ ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ነው (ሰዓቱን በእኛ ነው የምጽፈው)። መጠረግ ያለበት የመንገዱ ሙሉ ስፋት ነው፣ ኮንክሪቱ እስኪታይ ድረስ። በረዶውን ወደ አስፋልቱ መግፋት ክልክል ነው። ያልጠረገውን ከተማው ራሱ ያስጠርግና ሂሳቡን ለባለንብረቱ ይልካል።

አንድ የቃል ችግርም አለ። እዚህ ክረምት የሚባለው ወቅት ሀገር ቤት በጋ ነው። ማስታወቂያ ላይ «ክረምት ከመግባቱ በፊት» ብዬ ብጽፍ፣ በቅርቡ ከሀገር ቤት የመጡ አንድ አባት «እስከ ሰኔ ጊዜ አለና» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ሁሉም ሰው «ዊንተር» እላለሁ። በረዶም እንደዚያው ነው። ለእኛ በረዶ ማለት ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጠር ነበር። እዚህ ከሰማይ ብን እያለ የሚወርደውም በረዶ ነው፣ ተረግጦ የጠጠረውም በረዶ ነው፣ ውሃ ረግቶ የሚሠራው ቀጭን ሽፋንም በረዶ ነው። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ለራሴ ስም አወጣሁላቸው፦ ጥጡ፣ ግግሩ፣ መስታወቱ። ከዚህ በኋላ እነዚህን ነው የምጠቀመው።

ኅዳር 14

ዛሬ በረዶን ሳይሆን ውሃን ተከተልኩ። በባልዲ ውሃ እየቀዳሁ ንጣፎቹ ላይ አፈሰስኩና የት እንደሚሄድ አየሁ። አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ «ጋሼ፣ አስፋልት ታጥባለህ እንዴ?» አለኝ።

አብዛኛው ውሃ ወደ መንገዱ ይወርዳል። ከ10ኛው እስከ 13ኛው ድረስ ያሉት ግን መሐላቸው ሰርጉዷል። ውሃው እዚያው ይቆማል። ቀና ስል ደግሞ የጣሪያው አሸንዳ ማውረጃ ቱቦ አፉን ወደዚያው አዙሯል። ጣሪያ ላይ ያለው በረዶ ቀን ቀን ከውስጥ በሚመጣ ሙቀት ይቀልጣል። በቱቦው ይወርዳል፣ 12ኛው ላይ ይተኛል፣ ሌሊት መስታወት ይሆናል። እማማ የረገጡት በረዶ ያን ቀን ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ከጣሪያችን የወረደ ነው።

ይህን ለኮሚቴው ስነግር «እሺ፣ እዚያ ላይ ጨው ጨመር አድርግ» አሉኝ።

ኅዳር 21

የጽዮን ዕለት፣ እሑድ። የመጀመሪያው በረዶ ሌሊቱን ጣለ፣ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደረስኩ። ማልጄ የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ካህናቱና ዲያቆናቱ ከእኔ በፊት ገብተዋል። እግራቸው የረገጠበት ቦታ ሁሉ ጥጡ ግግር ሆኗል።

ዋናው ትምህርት ይሄው ነው። ያልተረገጠ ጥጥ በአካፋ ሲገፉት ሙልጭ ብሎ ይነሳል። አንድ ንጣፍ ለመጥረግ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የተረገጠው ግን ኮንክሪቱ ላይ ይጣበቃል። ደረጃው ላይ ካሉት የጫማ አሻራዎች ጋር ብቻ 40 ደቂቃ ታገልኩ። የቁጥር 43 ጫማ ያላቸው አንድ ዲያቆን አሉ። እያንዳንዷን አሻራቸውን አውቃታለሁ።

ሌላው ፈተና በረዶው ከአካፋው ጋር መጣበቁ ነበር። ገፍቼ ሳራግፍ ግማሹ አብሮኝ ይመለሳል። ቄሰ ገበዙ ከበሩ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና ገብተው የጧፍ ቁራጭ ይዘው መጡ። «አባቴ፣ ምጣዱን በጎመን ዘር እንደሚያሰሱት አስሰው» አሉኝ። ሰሙን አካፋው ላይ ደጋግሜ አሸሁት። ከዚያ በኋላ በረዶው እያንሸራተተ ይወድቅ ጀመር። ፈረንጆቹም ሻማ እንደሚቀቡ በኋላ ሰማሁ። እኛ ዘንድ ግን የጧፍ ቁራጭ መቼ ጠፍቶ።

ጨርሼ ላብ ላቤን ስጠርግ ከኮሚቴው አንዱ ወንድማችን ግማሽ ከረጢት ጨው ደረጃው ላይ ገለበጠው። ደረጃው ደርቋል እኮ። ጨው ላይ የሚሄዱ ሰዎች ሁሉ ጠጠር እንደረገጡ እየተንገዳገዱ ገቡ። «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባል የለ። እዚህ እየጣፈጠም ይጣላል።

ኅዳር 23

ስለ ጨው ሳነብ አመሸሁ። የሚኔሶታ የብክለት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የሚያስተምረው ልክ በጣም ቀላል ነው። አንድ ትልቅ የቡና ኩባያ ጨው ለ10 ንጣፍ ይበቃል። ግማሽ ኪሎ ገደማ ማለት ነው። የእኛ 31 ነው። ስለዚህ ሦስት ኩባያ ከፍ ሲል። አምና ግን በየእሑዱ አንድ ከረጢት ነበር የምንጨርሰው። ከረጢቱ 50 ፓውንድ ነው፣ ወደ 23 ኪሎ። ሂሳቡን ሁለት ጊዜ ሠራሁት። አሥራ አምስት እጥፍ ገደማ ነው የምንደፋው።

የት ይሄዳል? የመንገድ ዳር የጎርፍ መውረጃው ሳይጣራ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ጅረትና ወደ ሚሲሲፒ ነው የሚገባው። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ጋሎን ውሃ፣ 19 ሊትር ገደማ፣ እስከ መጨረሻው ይበክላል። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ አይበሰብስም፣ አይተንም። የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አካባቢ ለመንገድ ከሚበተነው ጨው 78 በመቶው እዚሁ እንደሚቀር አግኝተዋል፤ ከመሬት በታች ባለው ውሃ ወይም በአካባቢው ሐይቅና ረግረግ ውስጥ። በጋ ላይ ልጆቻችን የሚዋኙበት ሐይቅ ማለት ነው።

አያቶቻችን አሞሌ ከአፋር ምድር በግመልና በበቅሎ ሲመጣ እንደ ገንዘብ ይመነዝሩበት ነበር። እኔ ደግሞ በአካፋ አስፋልት ላይ እደፋለሁ። አያቴ ቢያዩኝ አንድ ነገር ይሉኝ ነበር፣ ግን እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

አበታተኑን ከአባቴ ነው የወሰድኩት። ጤፍ ሲዘራ እጁን እንደሚወረውረው፣ ሳሳ አድርጎ፣ እኩል እኩል። በጥራጥሬዎቹ መሐል አራት ጣት ያህል (ሦስት ኢንች) ክፍተት ይበቃል። የወደቀው ጨው ራሱ ቀልጦ ዙሪያውን ያዳርሳል። ክምሩ ግን አንድ ቦታ ጉድጓድ ይሠራል እንጂ አይራመድም።

ታኅሣሥ 2

ከዜሮ በታች 12 ፋራናይት። በሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች 24 መሆኑ ነው። ትንፋሼ ጢሜ ላይ ረጋ።

ትናንት የበተንኩት ጨው እንዳለ ተቀምጧል። አንድም አልቀለጠ። ነገሩ የገባኝ ዛሬ ነው። ጨው በረዶን የሚያቀልጠው እንደ እሳት በግለቱ አይደለም። ከበረዶው ላይ ካለችው ጥቂት እርጥበት ጋር ተቀላቅሎ ጨዋማ ውሃ ይሆናል። ያ ውሃ ቶሎ አይረጋም። ቅዝቃዜው ሲበረታ እርጥበቷም ትጠፋለች፣ ጨውም ሥራ ይፈታል። 30 ፋራናይት ላይ አንድ ኪሎ ጨው 46 ኪሎ በረዶ ያቀልጣል። 20 ላይ 9 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ዜሮ ፋራናይት ላይ ከ4 ኪሎ በታች ነው፣ እሱም ቀኑን ሙሉ ጠብቆ። ስለዚህ ከ15 ፋራናይት በታች (ከዜሮ በታች 9 ሴንቲግሬድ) ተራውን ጨው መበተን ገንዘብ መበተን ነው። ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለው ሌላው ጨው ከዚያም በታች ይሠራል፣ ግን ዋጋው ይቆነጥጣል።

ደግሞ ወሳኙ የአየሩ ሳይሆን የኮንክሪቱ ሙቀት ነው። ጥላ ውስጥ ያለ ኮንክሪት ከአየሩ ሊብስ ይችላል። ለመለካት በኮቪድ ጊዜ በር ላይ ግንባር የምንለካበትን ሽጉጥ መሳይ ነገር ከመሳቢያ አወጣሁ። 12ኛው ንጣፍ ላይ አነጣጠርኩ። «ዝቅተኛ» ብሎ ጮኸብኝ። የሰው ልጅ ሙቀት ብቻ ነው የሚያውቀው። በእሱ ግምት ንጣፉ ሞቷል። መካኒኮች የሚይዙት ዓይነት ሌላ ገዛሁ። ከዜሮ በታች 14 ፋራናይት አለኝ።

እና ዛሬ አሸዋ። ከተማው ለነዋሪው ለእግረኛ መንገድ የሚሆን አሸዋ በነፃ ይሰጣል። ባልዲና አካፋ ይዞ መሄድ ነው። አሸዋ ምንም አያቀልጥም። እግር እንዲይዝ ብቻ ነው የሚያደርገው። እማማ ሲያዩት «እንዲህ ነው እንጂ! እንደ ሀገር ቤት መንገድ» አሉ።

ታኅሣሥ 8

የፓርኪንጉ ጠራጊ ድርጅት ሌሊት መጥቶ በረዶውን ሁሉ ገፍቶ የዊልቸሩ መውጫ አፍ ላይ ቆለለው። ከእኔ ይረዝማል። ስልክ ደወልኩ። «በውሉ ላይ የት ይቆለል የሚል የለም» አሉኝ። ውሉን አወጣሁ። እውነታቸውን ነው፣ የለም። ስለዚህ የፓርኪንጉን ሥዕል በእጄ ሣልኩና የማይነካውን በቀይ፣ የሚቆለልበትን በአረንጓዴ ቀብቼ በስልክ ላክሁላቸው። እስካሁን በሥዕሉ እየሄዱ ነው። ከሰው ጋር ከመጨቃጨቅ ሥዕል ይሻላል።

የሚቆለልበትን ቦታ የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ጎረቤታችን ያለ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እዚህ የኖረ ነው። አጥሩን ተደግፎ ሲያየኝ ከረመና «ክምሩን ሁልጊዜ ከቁልቁለቱ በኩል አድርገው» አለኝ። ከዳገቱ በኩል ከቆለልከው ቀን ቀን ይቀልጥና መንገዱን አቋርጦ ይወርዳል፣ ማታ ይረጋል፣ ሁልጊዜ ከዜሮ ትጀምራለህ። ይኼን በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገረኝና ገባ።

እዚያው እያለን ግግሩን ተሸክሜ ስወረውር አይቶ ደረቱን በጣቱ መታ መታ አደረገልኝ። ግፋ እንጂ አታንሳ ማለቱ ነው። በብርድ በረዶ ሲዝቁ ልባቸው የሚቆም ሰዎች በየዓመቱ አሉ። ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሥራውን ያካፈልኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ደግሞም እውነቱን ለመናገር ወገቤ አልቋል።

ታኅሣሥ 12

ዛሬ 37 ፋራናይት (ወደ 3 ሴንቲግሬድ) ሆነ። ለአሸንዳው የጠበቅኳት ቀን።

መጀመሪያ ከሳምንት በፊት ያበላሸሁትን ልናገር። ውሃውን ከ12ኛው ላይ ለማራቅ ብዬ የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ቱቦ ገዝቼ ነበር፣ ያ እንደ አኮርዲዮን ሽብሽብ ያለውን። ማውረጃው ጫፍ ላይ ገጠምኩና ወደ ሣሩ ዘረጋሁት። በጣም አምሮኝ ፎቶ አንስቼ ለኮሚቴው ሁሉ ላክሁ። በሁለተኛው ሌሊት ውሃው ሽብሽቡ ውስጥ እየቀረ ረጋ። ቱቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ በረዶ ሞላው። ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ገደማ ያብጣል፣ ስለዚህ ቱቦው ሆዱን ቀደደ። ከላይ የመጣው ውሃ መውጫ ሲያጣ በመጋጠሚያው በኩል ፈሰሰ። 12ኛው ንጣፍ ቀድሞ ከነበረው የባሰ መስታወት ሆነ። ፎቶውን ያየ ሁሉ ደጁን እየረገጠ «ይሄ ነው እንዴ የተስተካከለው?» አለኝ።

ዛሬ በሌላ መንገድ ሄድኩ። መሰላል የያዘልኝ አንድ ኮንስትራክሽን ላይ የሚሠራ ወንድም ነው። መጀመሪያ አሸንዳውን ከፍተን አየን። የረገፈ ቅጠል አፉን ዘግቶት ነበር። ያንን አወጣን። ከዚያ የማውረጃውን መታጠፊያ ክርን ፈትተን ወደ ግራ አዞርነው። ሽብሽቡን ጥለን ለስላሳ የቆርቆሮ ቱቦ፣ አንድ ሜትር ተኩል፣ በደንብ አዘቅዝቀን ገጠምን። አጭርና ቁልቁል ከሆነ ውሃው ለመርጋት ጊዜ አያገኝም። አሁን የሚያፈሰው አበባ የሚተከልበት መደብ ላይ ነው። መደቡ ከመንገዱ ዝቅ ይላል፣ ወደ ጎረቤትም አይሄድም። ቱቦው፣ ክርኑና ብሎኑ ሁሉ ተደምሮ ከሁለት ከረጢት ጨው ዋጋ ብዙ አልራቀም።

ማታ ተመልሼ 12ኛውን በባትሪ አየሁት። ደረቅ ነው። ተንበርክኬ በእጄ ነካሁት። የሚያልፍ ሰው ስግደት ላይ ነው ብሎ አስቦ ይሆናል።

ታኅሣሥ 19

ቅዱስ ገብርኤል፣ እሑድ። ሕዝቡ ከወትሮው እጥፍ ነው። በውጭ አንድም ሰው አልወደቀም። አንድ ልጅ ግን ተንሸራቶ ወደቀ፣ ውስጥ!

አላሰብኩበትም ነበር። እኛ ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው። ሁሉም በረዶ የያዘ ጫማውን መግቢያው ላይ ያወልቃል። በረዶው ሴራሚኩ ላይ ይቀልጣል። ከዚያ በካልሲ ይረገጣል። ልጁ ምንም አልሆነም፣ ካልሲው ራሰ ብሎ ብቻ አለቀሰ። የጫማ መደርደሪያውን ወደ መጀመሪያው በር አወጣነው፣ ከሥሩ የጎማ ምንጣፍ ዘረጋን፣ አንድ ልጅ መወልወያ ይዞ እንዲቆም ተደረገ። የደጁን ሥራ ደጅ ብቻ አድርጌ ማሰቤ ነው ስህተቱ።

ታኅሣሥ 24

የጨው ውሃ ሙከራ። በረዶ ከመጣሉ በፊት ደረቁ መንገድ ላይ ጨዋማ ውሃ ከተረጨ በረዶው ከኮንክሪቱ ጋር አይጣበቅም። የከተማና የክልል መኪናዎች አስፋልት ላይ ነጭ መስመር መስመር እየሠሩ የሚያልፉት ይህንን ሲረጩ ነው። የጨው ልኩ 23.3 በመቶ ነው። ጨዋማ ውሃ በዚያ ልክ ሲሆን እስከ 6 ፋራናይት ከዜሮ በታች ሳይረጋ ይቆያል። ከዚያ ቢበዛም ቢያንስም ቶሎ ይረጋል። ለ4 ሊትር ውሃ 1.2 ኪሎ ጨው ገደማ ነው።

አለቱን በመዶሻ ፈለጥኩ፣ ሟሟ፣ በአትክልት መርጫ ሞላሁት። ሦስት ንጣፍ ሳልጨርስ መርጫው ተደፈነ። የመንገድ ጨው አፈርና ጠጠር አለበት። ማጥለል ያስፈልጋል። ወጥ ቤት ገብቼ ያገኘሁትን ማጥለያ ጨርቅ ወሰድኩ። የወጥ ቤት እናቶች የምን ማጥለያ እንደሆነ የነገሩኝ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ለገና የተዘጋጀ የጠላ ማጥለያ ነው። አዲስ ገዝቼ ተክቻለሁ። ይቅርታውን ግን ገና አላገኘሁም።

ከ1 እስከ 15 ያሉትን ረጨሁ፣ ከ16 እስከ 31 ያሉትን ተውኩ። ሌሊት 5 ሴንቲ ሜትር ጣለ። ጠዋት የተረጨው በኩል አካፋው እንደ ቅቤ ሄደ። ያልተረጨው በኩል የውሻና የፖስተኛ አሻራ ተጣብቆ ቀርቶ ነበር። የተጠቀምኩት ጨው ከአንድ ኪሎ ብዙም አልበለጠም። ያ ግማሽ ከረጢት የሚደፋው ወንድማችን መጥቶ አየ። ምንም አልተናገረም። መርጫውን ግን አንስቶ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

ታኅሣሥ 28 ለ29

የገና ሌሊት። ሥርዓቱ የሚያልቀው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ከባዱ ሰዓት እሱ ነው። ሰው ደክሞታል፣ ነጠላው እግሩ ላይ ይንጠለጠላል፣ ልጅ ታቅፏል፣ ሀሳቡ ዶሮ ወጡ ላይ ነው። ማንም ወደ መሬት አያይም።

ልጆቹን በየሰዓቱ ሁለት ሁለት አድርጌ መደብኩ። ሥራቸው ጥጡ ሳይረገጥ መግፋት ነው። ሌላ ምንም የለም። አካፋዎቹ በሩ ሥር ቆመዋል፣ ጧፍ የተቀቡ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ብናኝ ነገር ጀመረ። ከመሬት ሳይደላደል ይጠርጉታል። ወደ ቅዳሴው ይመለሳሉ፣ ሌሎቹ ይወጣሉ።

ለመኪናም አስቀድሜ ማስታወቂያ በአማርኛ ጽፌ ነበር። ከተማው የበረዶ አስቸኳይ ሁኔታ ሲያውጅ ክልከላው ሦስት ቀን ነው። በመጀመሪያው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 በረዶ ቀድሞ በሚጠረግባቸው ዋና ዋና መንገዶች በሁለቱም በኩል መኪና ማቆም ክልክል ነው። በሁለተኛው ቀን ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2 በሌሎቹ መንገዶች ሙሉ ቁጥር ያላቸው ቤቶች ባሉበት በኩል አይቆምም። በሦስተኛው ቀን ጎዶሎ ቁጥር ባለበት በኩል። ያልሰማ ይቀጣል፣ መኪናውም ይጎተታል። አምና ከማኅሌት ወጥተው መኪናቸውን ያጡ አራት ሰዎች ነበሩ። ዘንድሮ ሊቀ ዲያቆኑ ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበቡት። አንድ ሰው «ሙሉና ጎዶሎ» የሚለውን እንደ ስብከት ቆጥሮት ነበር፣ ተብራራለት።

እማማ በ9 ሰዓት ተኩል ወጡ። ክንዳቸውን ልይዝ ጠጋ ስል «ተወኝ ልጄ፣ እስቲ ልሞክረው» አሉ። እግራቸውን ሳያነሱ አጠር አጠር አድርገው እንደ ዳክዬ ተራመዱ። 12ኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉትና አለፉ።

ጥር 11

ጥምቀት። ከበዓላቱ ሁሉ ይሄኛው ለእኔ ሥራ አስፈሪው ነው፣ ምክንያቱም ውሃ አለበት።

5 ፋራናይት ከዜሮ በታች ነው። ጸበሉ በአዳራሹ ውስጥ ተባርኮ ይረጫል ብለን ተስማምተናል። አባታችን ግን መንፈስ ገፋፋቸውና ወደ ደረጃው ወጡ። ከውጭ ለቆመው ሕዝብ ሦስት ጊዜ ረጩ። እልልታው ቀለጠ። ጸበሉ ረጋ። ስድስቱም ደረጃ መስታወት ሆነ።

እኔ ደግሞ አሸዋ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ። ጸበል ላይ አሸዋ ይበተናል? ማንን ልጠይቅ? ጠጋ ብዬ «አባታችን፣ ይህን... እንዴት ላድርገው?» አልኳቸው። ወደ ደረጃው አዩ፣ ወደ ባልዲው አዩ። «እንድንድን ነው የረጨነው፣ እንድንሰበር አይደለም። በትን ልጄ» አሉ። በተንኩ።

የካቲት 6

የሚረጋ ዝናብ። ውሃ ሆኖ ይወርዳል፣ መሬት ሲነካ በረዶ ይሆናል። ዛፉ፣ ሽቦው፣ መኪናው ሁሉ በብርጭቆ ተለብጧል። የጨው ውሃ ለዚህ አይሆንም፣ ዝናቡ ያጥበዋል። አካፋም የሚገፋው ነገር የለውም። የቀረው አሸዋ፣ ጥቂት ጨው፣ እና ለሰው «ዛሬ ከቤት አትውጡ» የሚል መልእክት መላክ ነበር። መልእክቱን ላክሁ።

ከዚያ ራሴ ከቤቴ ወጣሁ። የራሴ ቤት ሁለተኛ ደረጃ ላይ። ከበስተጀርባዬ ነው የወደቅኩት። ባለቤቴ በመስኮት አይታ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ስነሳ ስታይ ግን ሳቀች። «የቤተ ክርስቲያኑን ጨው ትንሽ አታመጣም ነበር?» አለችኝ። አራት ቀን በሆዴ ተኛሁ። የዚህ ክፍል ማስታወሻ አጭር የሆነው ለዚህ ነው።

መጋቢት 5

በረዶው ሄዷል። ሙሉ በሙሉ ማለቴ አይደለም። የፓርኪንጉ ክምር ጠቁሮ አሁንም አለ። ሚኔሶታን ለሚያውቅ ሚያዝያም ላይ ሊጥል ይችላል።

አሸዋውን ጠራርገን ሰበሰብን። ይህ ካልተደረገ ዝናብ ወስዶ መውረጃውን ይደፍነዋል። አራት ባልዲ ተገኘ፣ ለከርሞ ይሆናል። ጨው ቆጠርኩ። ዘንድሮ የጨረስነው ሁለት ከረጢት ተኩል ነው። አምና በደረሰኝ ካየሁት 16 ነበር። ገንዘብ ያዡ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ።

12ኛው ንጣፍ ግን ተጎድቷል። የላይኛው ቅርፊቱ እየተላጠ ጠጠሩ ወጥቷል። የዘንድሮ አይደለም፣ ስንት ዓመት የተደፋበት ጨውና ውሃ ነው። እየረጋና እየቀለጠ ከውስጥ በላው። በጋ ላይ ከ10 እስከ 13 ያሉት ተነስተው አዲስ ይፈሰሳሉ፣ ሥርጉዱም ይስተካከላል። አዲስ ኮንክሪት ደግሞ የመጀመሪያውን ዊንተር ጨው እንዲነካው አይመከርም። ስለዚህ ለከርሞ እዚያ ላይ አሸዋ ብቻ። ይህን በትልቁ ጽፌ ምድር ቤት ጨው ከረጢቱ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ያ ወንድማችን እንዲያየው።

ልወጣ ስል ቄሰ ገበዙ ጠሩኝ። አንድ የቡና ቆርቆሮ ሰጡኝ። ከፈትኩት። በውስጡ ከጥምቀት ወዲህ ያጠራቀሟቸው የጧፍ ቁራጮች ሞልተዋል።